ኮምቦልቻ ላይ የማይታየው ፋይል

ዶክተር ገበያው በኢሞ ደውለው «ዘኪያ፣ የላክሽው ፋይል ባዶ ነው» ሲሏት፣ ዘኪያ የሳሎኑን ምንጣፍ በማሽን እየጠረገች ነበር። ማሽኑ ይጮኻል፣ ስልኩ ይቆራረጣል። እንደ ምንም ብላ ማሽኑን አጠፋችና ወደ ኩሽና ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ «ምኑ ነው ባዶ ዶክተር?» አለች።

«ፋይሉ ነዋ። ይከፈታል፤ ግን ነጭ ገጽ ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ሥዕል የለበትም። በዲፓርትመንቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሞከርነው።»

«እኔ ጋ እኮ ይታያል። ትናንት ከፍቼ አይቼው ነው የላክሁት።»

«አንቺ ጋ መታየቱ ምን ይሠራልናል ልጄ? ማየት ያለበት ኮሚቴው ነው። ቀኑ እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ካለፈ እኔም እጄ አጭር ነው።»

ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። ጦርነቱ ወሎን ባመሰበት ዓመት ዘኪያ ኮምቦልቻ ላይ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጫፍ ደርሳ ነበር። የቦርከና ወንዝ በክረምት ሲሞላ ውሃው የትኛውን ሰፈር ቀድሞ እንደሚያጥለቀልቅ የሚያሰላ ጥናት ነው የሠራችው። ሥራው ሁሉ ያለው በአንድ የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ሰው ቀመሩን ይጽፍለታል፣ ፕሮግራሙ አስልቶ ወንዙን በቀለም ይሥላል። ከኮሚቴው ፊት ቆማ፣ ተጠይቃ፣ አልፋለች። የቀራት ጥቂት እርማት አስገብታ ፋይሉን ማስረከብ ብቻ ነበር። እሱን ሳታደርግ ከተማው ተተራመሰ፣ የአባቷ ሱቅ ተዘረፈ፣ አባቷም በብስጭት አልጋ ይዘው አልተነሱም። ዘኪያ ፋይሏን በፍላሽ ገልብጣ፣ ፍላሹን በቦርሳዋ ገበር ውስጥ ሰፍታ፣ በቤት ሠራተኝነት ጅዳ ገባች። ሌላው ሰው ሲሰደድ ወርቅ ይሰፋል፤ እሷ ቦርከናን ሰፋች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው በጦርነቱ ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው የመጨረሻ ዕድል ሰጠ። የታተመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም ተባለ። የሰው ሥራ ገዝቶ የሚያቀርብ ስለበዛ ኮሚቴው ፋይሉን ራሱን ከፍቶ፣ ሲሠራ ማየት አለበት። ዶክተር ገበያው ደግሞ አማካሪዋ ብቻ አልነበሩም፤ የሟች አባቷ ጓደኛም ናቸው። ዲግሪውን ካገኘች የምትቀጠርበት የመምህርነት ቦታ ለምነው አስይዘውላታል። ዲግሪ ከሌለ ግን ቦታውም የለም፤ ሴሚስተሩ ሊጀመር ስለሆነ ለሌላ ይሰጣል።

በዚህ በኩል ደግሞ ኮንትራቷ በዚሁ ወር ያልቃል። አሠሪዋ ማዳም ከሳምንት በፊት «ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ላድስ ወይስ ትሄጃለሽ?» ብላ ጠይቃት «ላስብበት» ብላ ነበር። ሥራ ሳይኖራት ሀገር ገብታ ምን ትሆናለች? ኮምቦልቻ ያሉት እናቷ የሚኖሩት እሷ በምትልከው ነው። ስለዚህ ፋይሉ እዚያ ከታየላት ኹሩጅ የሚባለውን የመውጫ ቪዛ ጠይቃ፣ አስተማሪ ሆና ትመለሳለች። ካልታየላት ሁለት ዓመት ጨምራ እዚሁ ትጠርጋለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

አሁን ያለችበት ቤት መካ፣ ጀርወል ሰፈር ነው። ማዳም ከአባቷ የወረሰችው ለሐጅ ተጓዦች የሚከራይ ሆቴል አለ፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ከሆቴሉ በላይ፣ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። የውጭው በር ቁልፍ ማዳም ትራስ ሥር ያድራል። ከኩሽናው መስኮት የሌሎች ሆቴሎች ጀርባ፣ የአየር ማቀዝቀዣዎቻቸው መዓት፣ በመሃላቸውም የሐረም፣ የታላቁ መስጊድ፣ ሚናራ ጫፍ ብቻ ይታያል። የዓለም ሙስሊም ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበት ሐረም በእግር ቢኬድ ላብ ሳይወጣ የሚደረስበት ነው። ዘኪያ ግን ከእናቷ ጋር ስታወራ «ሐረምን ሳትጠግቢው አትምጪ» ስትባል ወሬ ትለውጣለች። የሄደችው ከማዳም ጋር፣ የማዳምን እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነው፤ ያውም ከስንት ጊዜ አንዴ።

ጅዳ ሳሉ ይሻል ነበር። ያኔ የሚኖሩት ጃሚዓ ሰፈር ነው፤ ጁምዓ ከሰዓት ፈቃድ ነበራት። ሩዋይስ ወደሚባለው ሰፈር ትወርድና የሀገሯን ሰው ታያለች። ማቲዎስን ያወቀችው ያኔ ነው። ማቲዎስ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ደሴ ኮምፒዩተር ተምሮ፣ ሩዋይስ ውስጥ የስልክና የላፕቶፕ ጥገና ቤት ይሠራል። የማዳም ልጅ የኢማን ላፕቶፕ ስክሪኑ ተሰብሮ ዘኪያ ይዛለት ሄዳ፣ በዚያው የሒሳቡን ፕሮግራም እንዲጭንላት ለመነችው። እሱም «ሰው ሙዚቃ ያስጭናል፤ አንቺ እኩልዮሽ» ብሎ ሳቀባትና ጫነላት። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሆኑ።

ቤተሰቡ መካ ሲገባ ግን ያ ቀረ። ከጅዳ መካ መንገዱ አጭር ነው። ለማቲዎስ ግን ከየትኛውም ሀገር የራቀ ነው፤ ክርስቲያን ነውና መንገዱ ላይ ያለው ምልክት ይመልሰዋል። እሷ ከመካ አትወጣም፣ እሱ መካ አይገባም። የቀራቸው ስልክ ነው፤ ስልኩም ማዳም ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እስክትተኛ ይጠበቃል።

የዚያን ዕለት ማዳም እንደተኛች ደወለችለት።

«ማቴ፣ ገደሉኝ። ፋይሉ ባዶ ነው አሉኝ።»

«አብሽሪ፣ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ።»

ላከችለት። ብዙም አልቆየ፣ መልሶ ደወለ። «ኸረ ይታያል ዘኪ! ቦርከናሽ እኔ ጋ እየፈሰሰ ነው። ይሄውና ሰማያዊው፣ ይሄውና ቀዩ። ሰዎቹ ዐይናቸውን ይታዩ።»

ዘኪያ ደስታዋ አንድ ሰዓት አልቆየም። ማቲዎስ ራሱ ከጅዳ ለዶክተር ገበያው ቢልከው፣ ኮምቦልቻ ላይ ያው ነጭ ገጽ ሆነ። እንግዲህ ጥፋቱ የመላኪያው አይደለም ማለት ነው። ማቲዎስ ነገር ሲያስቸግረው ይበልጥ የሚጣበቅ ሰው ነው፤ በማግስቱ የዲፓርትመንቱ ፕሮግራም ያረጀ መሆኑን ጠይቆ ደረሰበትና ፋይሉን ለአሮጌው እንዲመች አድርጎ ላከው። ነጭ። ስሙን አሳጥሮ ላከው። ነጭ። አሽጎ ላከው፤ እሽጉ ተፈታ፣ ውስጡ ነጭ።

«ዘኪ፣ እስቲ አስታውሺ» አላት። «በፋይሉ ውስጥ ከሒሳቡ ሌላ የጻፍሽው ነገር አለ? አማርኛ፣ ዐረብኛ፣ ማስታወሻ፣ ምንም ይሁን ምን?»

«የለም» አለች ዘኪያ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ የለም።»

ውሸቷን አይደለም። ልቧን ቢከፍቱት እንኳ ያኔ ሌላ መልስ አይገኝበትም።

ማክሰኞ ዶክተር ገበያው እንደገና ደወሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «ልጄ፣ ልደብቅሽ አልችልም። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ‹ሥራው ስለሌላት ባዶ ፋይል እየላከች ቀን ታስረዝማለች› እያሉ ነው። እኔ አውቅሻለሁ። ግን ነጭ ገጽ ይዤ ምን ብዬ ልሟገት?»

ዘኪያ ይህን ስትሰማ ከምንም በላይ የከነከናት አጭበርባሪ መባሉ ነው። አራት ክረምት ወንዝ ዳር ቆማ፣ ጭቃ እየረገጠች የለካችው ውሃ እንደሌለ ሆኖ ተቆጠረ። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ምስክር ሆነላት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ረቡዕ ምሳ ላይ ማዳም ሳህኗን እያራቀች ጥያቄዋን አመጣች።

«ዘኪያ፣ ሐጅ እየደረሰ ነው። ሆቴሉ ሊሞላ ነው። ነገ ቁርጡን ንገሪኝ። ካልሆነ ሌላ ሠራተኛ አስመጣለሁ፤ ኻላስ።»

«ነገ እነግርሻለሁ ማዳም።»

ኢማን ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። ኢማን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዘኪያ ስትመጣ የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ ነበረች። እናትየው በንግድ ስትሮጥ ልጅቷን ያበላች፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ የተኛች፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምታወራውን ሁሉ ቁጭ ብላ የሰማች ዘኪያ ናት። ልጅቷም ከእሷ አማርኛ ቃርማለች፤ «ነይ»፣ «ራበኝ»፣ «ተይኝ» ትላለች። ዘኪያ ትወዳታለች። ነገሩን የሚያከፋውም እሱ ነው፤ የማትወደው ቤት ቢሆን እግሯ ቀደም ብሎ በወጣ ነበር።

ሐሙስ ማዳም እንደተኛች የማቲዎስ ስልክ መጣ። ሰላምታውም እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ዘኪ፣ ፋይሉን በፕሮግራሙ ሳይሆን እንዲሁ እንደ ጽሑፍ ገልጬ አየሁት። መጀመሪያው መስመር ላይ የፐርሰንት ምልክት አለ።»

«አዎ፣ ፐርሰንት ያለበትን መስመር ፕሮግራሙ ዘሎት ያልፋል። ለማስታወሻ ነው።»

«አውቃለሁ። ከምልክቱ በኋላ ግን አራት ማዕዘን ሳጥኖች ተደርድረዋል። ፊደል አይደሉም። እኔ ከዚህ በፊት አይቻቸው የኔ ኮምፒዩተር ችግር መስሎኝ አልፌያቸዋለሁ። ምን ነበር እዚያ የጻፍሽው?»

«እዚያ? ምንም። ቢስሚላህ ነው።»

«‹ምንም አልጻፍኩም› ብለሽኝ ነበር እኮ» አለ ማቲዎስ።

«ቢስሚላህ ደግሞ ተጻፈ ይባላል እንዴ? እሱ መግቢያው ነው።»

እንግዲህ ወሎ ያደገ ሰው ይህን ይረዳዋል። ሰው «ምን በላህ?» ሲባል «እጄን ታጥቤ በላሁ» አይልም፤ መታጠቡ ከመብሉ አይቆጠርም። ዘኪያ ደብተር ስትጀምር፣ ሊጥ ስታቦካ፣ ደረጃ ስትወርድ ቢስሚላህ ትላለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያንን ፋይል የከፈተች ዕለትም እጇ እንደ ልማዱ ቢስሚላህን በግዕዝ ፊደል ጻፈና ወደ ቀመሩ አለፈ። እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ግዕዝ ተጭኖ ስለነበር ችግር አልነበረውም።

«ስሚኝ» አላት ማቲዎስ። «የኢማን ላፕቶፕ ዐረብኛ ነው። እርማቱን እሱ ላይ ጽፈሽ ስታስቀምጪው የኛን ፊደል አላወቀውም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በአንድ ምልክት ተካው። ያ ምልክት ደግሞ ድሮ ‹ፋይሉ እዚህ ላይ አለቀ› ማለት ነበር። የኔ ፕሮግራም አዲስ ስለሆነ ንቆት ያልፋል። የዶክተሩ አሮጌ ስለሆነ ያምነዋል። ገና አንደኛው መስመር ላይ አለቀ ሲባል፣ ከታች ያለውን ሳያነብ ይዘጋዋል።»

ዘኪያ የሩዝ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ቀን ኮሚቴው የሚያየው ነጭ ገጽ፣ ከእሷው እጅ የወጣ መልካም ነገር ያመጣው ነው። ሳቅም ለቅሶም መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ቸገራት።

«በል ሰርዘህ ላክልኝ» አለች።

«እኔ?»

«አንተ ነዋ። ላፕቶፕ እጅህ ላይ ነው።»

«ዘኪ» አለ፤ ድምፁ አነሰ። «ከጠዋት ጀምሮ እጄ ቁልፉ ላይ ነው። አልታዘዝ አለኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አንቺ ደግሞ ያለሽው መካ ነው። መካ ያለች ሴት የጻፈችውን ቢስሚላህ ጅዳ ቁጭ ብዬ ልሰርዝ? ሐይቅ ያለችው እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ሃይማኖትሽን በእጄ አልነካም። አንቺው ሰርዢው። ሳጥን ነው እኮ አሁን፤ ቢስሚላህነቱ ቀርቷል።»

«እኔ ስጽፈው ቢስሚላህ ነበር።»

«ነበር።»

ዘኪያ ልትቆጣው አስባ አልሆነላትም። እንዲህ የሚያፍር ሰው ከጎኗ ስላለ ደስ አላት፤ መሰረዙ ግን ለእሷው ቀረ። «ግድ የለህም ማቴ» አለችው። «ቢስሚላህ ከፋይሉ ቢወጣ ከአፌ አይወጣም። እኔው አደርገዋለሁ።» የእሷ ስልክ ግን ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ከኢሞ ሌላ የማይችል ነው። ቀመሩን የሚያስነካ የኢማን ላፕቶፕ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ሰዎች ደግሞ ከሥራ ሊወጡ ነው።

ኢማን ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምንም አትሠራም።

«ኢማን፣ ላፕቶፑን ለትንሽ ጊዜ አውሺኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳትጠየቅ ነው የምታቀብላት። አሁን ዘግታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ለዚያ ለወንዙ ሒሳብ ነው?»

«አዎ።»

«እሱ ካለቀ ትሄጃለሽ?»

ዘኪያ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች፣ ወደ በሩ አየች። እውነቱን ልትናገር ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ልጅቷ ላፕቶፑን ያቀፈችበት ሁኔታ እውነት ከተነገራት እንደማትለቀው ይናገራል። ብትነጥቃት ትጮኻለች፣ ብትጮኽ ማዳም ትነሣለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ዘኪያም ያላሰበችውን አገባች።

«አልሄድም» አለች።

«እውነት?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ።»

«ወላሂ በዪ።»

ዘኪያ የልጅቷን ጸጉር ዳሰሰች። «ለትንሽ ነገር ሁሉ አይማልም የኔ ቆንጆ። አልሄድም ካልኩሽ አልሄድም።»

ኢማን ዐይኗን ሳትነቅል ጥቂት አየቻት። ከዚያ ላፕቶፑን ሰጠቻትና ባዶ እግሯን ከክፍሉ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተባለው ተብሏል።

ዘኪያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፋይሉን ከፈተች። ከላይ የፐርሰንት ምልክት፣ ከጎኑ የተደረደሩ ሳጥኖች። ቢስሚላህ ብላ ልትጀምር አሰበችና አፏ ተያዘ። አሁን ውሸት የወጣበት አፍ ነው። በዚህ ሀገር ላይ፣ ከሐረም በቅርብ ርቀት፣ እንደ ልጇ ያሳደገቻትን ልጅ ዐይን ዐይኗን እያየች ዋሽታለች። አፈረች፤ ከማንም ይልቅ ከራሷ አፈረች። «ያ አላህ፣ አፉ በለኝ፤ ስደርስ እነግራታለሁ፣ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ» አለች በልቧ። ከዚያ ቢስሚላህን በአፏ አለችና በእጇ ሰረዘችው። መስመሩ ጠፋ፤ ቀመሩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። አስቀመጠችው፣ ለዶክተር ገበያው ላከችው፣ ላፕቶፑን ዘግታ አልጋው ላይ መለሰችው።

እሷ አንድ መስመር ስትሰርዝ በሚቀጥለው ክፍል ሁለት ዓመት እየተጻፈባት ነበር። ዘኪያ ይህን አላወቀችም።

ኩሽና ገብታ ድንች መላጥ እንደጀመረች ስልኩ ጠራ። ዶክተር ገበያው ሰላምታም አላቀረቡም።

«ታየ! ዘኪያ፣ ታየ እኮ! ሁሉም ቆመው እያዩት ነው። ‹ሥራ የላትም› ያለው ሰውዬ ራሱ የኛ ሰፈር የቱ ጋ ነው እያለ ይፈልጋል። ምኑን ነክተሽ ነው የከፈትሽው?»

«ትንሽ ነገር ነው ዶክተር። አልሐምዱሊላህ።»

«ፈርመንበታል። ዲግሪሽ አለቀ። አባትሽ ይህን ቢያዩ... ቦታው ያንቺ ነው፤ ግን ሰው መቅረብ አለበት። መቼ ትመጫለሽ?»

«ዛሬ ኹሩጅ እጠይቃለሁ። ኢንሻአላህ ቅርብ ነው።»

ስልኩን ዘግታ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ዓመታት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር የተነሣ መሰላት። ድንቹን እንደ ላጠችው ትታ፣ እጇን አጥባ፣ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሳሎን ሄደች። ማዳም ተነሥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኳ እጇ ላይ ነው፤ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አያውቅም።

«ማዳም፣ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር...»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ! ነይ ተቀመጪ። ኢማን መጥታ ቀሰቀሰችኝ። ‹ዘኪያ አትሄድም፣ አሁን ነገረችኝ› አለችኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ሐሳብሽን ሳትለውጪ ብዬ ወዲያውኑ በስልኬ ኢቃማሽን አደስኩት። ማብሩክ።»

ዘኪያ ቆማ ቀረች። «ታደሰ?»

«ለሁለት ዓመት። ከፍዬ ጨረስኩ። ልትመጣ የነበረችውንም ሠራተኛ ደውዬ ሰረዝኳት።»

«ማዳም፣ ልጅቷ... እኔ እኮ ኹሩጅ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ሀገሬ ሥራ አግኝቻለሁ። አሁን ነው የደወሉልኝ።»

የማዳም ፊት ቀስ ብሎ ተዘጋ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትቆጣም ድምፅዋን አታነሣም። «ለልጄ አልሄድም ብለሻታል ወይስ አላልሽም?»

«ብያታለሁ» አለች።

«እንግዲያው በቃልሽ ሄጄ ነው ያደረግሁት። ሐጅ ደጃፌ ላይ ነው፤ አሁን ሰው ከየት አመጣለሁ? ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ትሄጃለሽ፤ ትኬትሽን እኔ እቆርጣለሁ። ኻላስ ዘኪያ። ያላ፣ እራቱን ተመልከቺ።»

የመውጫ ቪዛ የሚወጣው ‹ከፊል› በሚባለው በአሠሪው እጅ ነው። ማዳም ካልጠየቀችላት በቀር ዘኪያ በየትኛውም በር አትወጣም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ዘኪያ ወደ እራቱ አልሄደችም። ወደ ኢማን ክፍል ሄደች። ልጅቷ አልጋዋ ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ኢማን፣ ለምን ነገርሻት? ለምን ዛሬውኑ?»

ኢማን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ ልጅ ስለሆንሽ ሳታውቂ መስሎኝ...»

«አውቄ ነው» አለች ኢማን። «ወላሂ በዪ ስልሽ አላልሽም። ያኔ እንደዋሸሽኝ ገባኝ። ለዚያ ነው ሮጬ የነገርኳት። እስከ ጠዋት ብቆይ ኖሮ ትሄጂ ነበር።»

ዘኪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ የመጣችበት ቁጣ የት እንደገባ አላወቀችም። በገዛ ውሸቷ የታሰረች ሰው ማንን ትቆጣለች? «እውነቱን ብነግርሽ ላፕቶፑን ትሰጪኝ ነበር?»

ኢማን አሰበችበት። «አልሰጥሽም ነበር» አለች። ይቺ ልጅ መዋሸት አልለመደችም።

የዘኪያ ስልክ ድምፅ ሰጠ። ዶክተር ገበያው ፎቶ ልከዋል፤ የዲፓርትመንቱ ኮምፒዩተር፣ ስክሪኑ ላይ ቦርከና ከነገባሮቹ በሰማያዊ ተሥሎ፣ ዙሪያውን የኮሚቴው ሰዎች ቆመው ሲስቁ። ከሥሩ «እየጠበቅንሽ ነው» ይላል። ኢማን ተጠግታ አብራት አየች።

«ይህ ነው ሀገርሽ?»

«ይህ ነው።»

«ወንዙ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አዋሽ ከሚባል ትልቅ ወንዝ ይገባል።»

«እሱስ? ባሕር ይገባል?»

«አይገባም። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በረሃ ውስጥ እዚያው ይቀራል።»

ይህን ብላ ዘኪያ አለቀሰች፤ ፊቷንም አልሸፈነችም። ኢማን በእጅጌዋ እንባዋን እየጠረገችላት፣ ዘኪያ ራሷ ባስተማረቻት አማርኛ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለቻት።